ክርንህን ያሸሁ ዕለት

ልጄ ዊልኪን፣ እመቤታችን ድንግል አልታግራሲያ ቀንም ማታም ከጎንህ አትለይ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች።

ትናንት ጸጉር አስተካካዩ ዶን ኤሊሴዮ፣ «ዶኛ፣ አልነገረሽም እንዴ? ልጅሽ አሜሪካ በሦስት የቤዝቦል ጨዋታ ኳስ እንደወረወረ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ቡድኑ ካሰናበተው ወር አለፈው» አለኝ። አፍረህ እንደደበቅከኝ ገባኝ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለህ፣ «እማ፣ ክርኔን አመመኝ» አልከኝ። በማግስቱ የአሜሪካ ቡድኖች ተጫዋች መልማይ ሊያይህ ይመጣ ነበርና በሞቀ ቅባት አሸሁህና፣ «ነገን ብቻ ቻለው፤ አለዚያ እንደ አባትህ ሸንኮራ ስትቆርጥ ትቀራለህ» አልኩህ። ሰማንያ ኳስ ወረወርክ፤ እኔም ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። እባክህ ና፤ ብትቆጣኝም እዚሁ ቤትህ ሆነህ ተቆጣኝ።

እናትህ ኤውፌሚያ