እሁድ ማንም እንዳያውለበልብ

ለእህቴ ልጅ ለቺጉሳ፣

ኦሳካ እንዴት ይዛሻለች? ጤናሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ሞሪዮ ዛሬም ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ነው ወይስ ቀና ማለት ጀመረ? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ልበልሽ እንጂ እኔ ከእሁድ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልሽ አንድ መስመር ጽፌ፣ ተነስቼ በረንዳውን ዞሬ፣ ተመልሼ ነው።

ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ የቆመው የኦሳካ ባቡር ለሙከራ ሁለት እሁድ እንደሚመላለስ ሰምተሻል። በቂ ተሳፋሪ ከተገኘ ይቀጥላል፣ ካልተገኘ ሐዲዱ ይነቀላል። ታዲያ ባለፈው እሁድ የናሚኡራ ሰው ግልብጥ ብሎ ጣቢያ ወጣ። ዓሣ አጥማጆቹ ሲቀናቸው ጀልባቸው ላይ የሚሰቅሉትን ባለቀለም ባንዲራ ይዘው መጡ፤ ከበሮው ተደለቀ። እኔም የዓሣ ሣጥን ላይ ወጥቼ ትልቁን ባንዲራ ሳውለበልብ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ እኛ ጮኽን፣ ሄደ። ባዶውን!

ለካስ ሁላችንም ልንሸኝ ነው የወጣነው፤ መሳፈር ትዝ ያለው የለም። ከእኛ ሰው የሄደው ፀጉር አስተካካዩ ካንጂ ብቻ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ ገብቶ በሩ ተዘግቶበት። ባቡሩ ሲመለስ ተሳፋሪ ቆጣሪው ወርዶ፣ «አሸኛኘታችሁ ግሩም ነበር፤ እኔ ግን የምቆጥረው የተቀመጠውን ነው» አለን። ዓሣ ሻጯ ኦሪኤ፣ «ቀድመህ አትናገርም ታዲያ? ለማን ብለን ያበድን መሰለህ!» ብላ ጮኸችበት።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የእናትሽ ነገር ነው። ለዓይኗ ሕክምና መመላለስ ስላልቻለች ለአዲስ ዓመት ጠቅልላ አንቺ ጋ እንድትገባ መክራችኋል። «ባቡሩ ከቀጠለ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም፤ ከቀረ ግን ልጄ እንዳለችኝ እሆናለሁ» ብላኛለች። ያን ዕለት ቲኬት ቆርጣ፣ ሰማያዊ ኪሞኖዋን ለብሳ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ምነው ሳትገቢ?» ብላት፣ «ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻዬን ዘው ልበል? አያሳፍርም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የጓሮ አበባዎቿን ለጎረቤት ማደል ጀምራለች። ትናንት ትልቁን ማሰሮ ከነተክሉ ኦሪኤ ወሰደችው።

ስለዚህ በየቤቱ እየዞርኩ፣ የፊታችን እሁድ ጣቢያ ላይ እጁን ያነሳ ከእኔ ጋር ተጣላ ብያለሁ። ኦሪኤ፣ «ባቡሩን ማን ይሸኘዋል ታዲያ?» አለች። «ውሾቹ» አልኳት። አንቺም ሞሪዮንና ሕፃኗን ይዘሽ ኦሳካ ጣቢያ ጠብቂንና በዚያው ባቡር አብረሽን ነይ፤ መልሱም ይቆጠራል። ሥራ አለብኝ እንዳትዪኝ። በልጅነትሽ የቤት ሥራሽን ማን ይሠራልሽ እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን።

ሞሪዮን አንገቱን ቀና ሲያደርግ ሰላም በይልኝ። የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አማትሽንም እጅ እነሳለሁ በያቸው። ካንጂ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ የባቡሩ ሽንት ቤት ንጹሕ ነው ንገራት ብሎኛል። እናትሽን የሰላምታ መልእክት ስጠይቃት ግን፣ «ተወው፤ እሁድ ራሴ እነግራታለሁ» አለችኝ።

አጎትሽ ሴይጂ
ናሚኡራ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.