የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለዳቦ የሰጡት ርዕሰ መምህርት የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከባቡር ጣቢያ ጠባቂ አባታቸው፣ ከጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ጥር 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰባት ዓመት የሚያንሳቸውን ወንድማቸውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እጁን ይዘው ያጽፉት ነበር፤ መስመር ሲስት ጣቱን በማስመሪያ መታ ያደርጉታል።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በሒሳብ ተመረቁ። በ1972 ዓ.ም. ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ቀልደኛ ናቸው፤ እሳቸው ግን ቀልዱ የሚገባቸው በማግስቱ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በተዘጋው ፋብሪካ ሰፈር የሚገኘው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆኑ። ወንድማቸውም እዚያው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምር ነበር። ኅዳር 1993 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ ጥያቄ እንድትሠራ ወደ ሰሌዳ ጠራት። ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ወደቀች። «ሰነፍ ሲጠየቅ ያመዋል» አለ ወንድማቸው፤ ከክፍሉ ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። እኅታችን ልጅቷን ቢሯቸው አስገብተው ምግብ መቼ እንደቀመሰች ሲጠይቋት፣ «ከትናንት ወዲያ በልቻለሁ እኮ፣ እትዬ» ብላ ተከራከረቻቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተሰረዘ። ቢሯቸው ወጥ ቤት ሆነ፤ ጠረጴዛቸው ደረጃው ሥር ወጣ። ባለቤታቸው ከአሮጌ በሮች ረጅም ገበታ ሠሩ፤ እጀታዎቹ እንኳ አልተነቀሉም ነበር። ልጆቹ እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ታጥበው ዳቦና ትኩስ ወተት ይቀርብላቸው ጀመር። ለዚህም «እትዬ ሳሙና» የሚል ስም አወጡላቸው።

የተሰረዘው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ወንድማቸው ደሙ ፈላ። «እትዬ፣ ፈተናው ሰባት ወር ቀረው! ክፍልፋይ በዳቦ ልታስተምሪ ነው?» አላቸው። «በልተው ይማራሉ፤ አትጩኽብኝ» ብለው አሰናበቱት።

በወሩ ያልተፈረመበት ደብዳቤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደረሰ። በቀን አርባ ደቂቃ፣ በዓመት መቶ ሃያ ሰዓት እንደሚባክን ያስረዳል። ተቆጣጣሪው መጥተው ደብዳቤውን ደረጃው ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ የክፍሉ አማካይ ውጤት ከወረደ ከኃላፊነታቸው እንደሚነሡም ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከባድ ነበሩ። እኅታችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ድምፃቸው እስኪዘጋ ሒሳብ ያካክሱ ነበር። ፈርተው ነበር፤ ዳቦውን ግን አንድም ቀን አላስቀሩም።

በ1992 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጡት አርባ አንድ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ያቋረጠ ስላልነበረ ስልሳ ሦስት ተቀመጡ፤ ሰሌዳው ፊት የወደቀችውም ልጅ አንዷ ነበረች። አማካይ ውጤቱ ግን በሁለት ነጥብ ወረደ። ጽሕፈት ቤቱ ያየው አማካዩን ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ እኅታችን ተነሡ፤ በቦታቸው ወንድማቸው ተሾመ፤ እሱም እሺ አለ። ቁልፉን ሲያስረክቡት «ዳቦው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል፤ እንዳትዘገይ» አሉት። ወጥ ቤቱን ለመዝጋት ድፍረት አጣ። እሳቸውም በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ እዚያው በመምህርነት አገለገሉ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ትናንት ልጆቻቸው መሳቢያቸውን ሲከፍቱ ያንን ደብዳቤ አገኙት። የጻፈው ወንድማቸው ነበር። ጽሕፈቱን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና ገና ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት ለይተውታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ግን አንዲት ቃል አልወጣቸውም። መቶ ሃያ ሰዓት ከሚለው ጎን በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብለዋል፦ «በባዶ ሆድ የሚባክነው ሰዓት አልተቀነሰም። እንደገና ይሠራ።»

ዛሬም ዳቦው በሰዓቱ ደርሷል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የተራበ በማይገኝበት ያሳርፍልን።

ያኛውን ሳይፈርም የላከው፣ ይህን ግን የፈረመበት፣
ታናሽ ወንድማቸው