ስምህ ሲጠራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለየሺዋስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የሁመራ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለው? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ ለአንዱም አልመለስክም። ይኸው አራተኛውን ጻፍኩ፤ ደረቅ መሆኔን ታውቃለህ።

ክረምቱ ዘንድሮ ጉድ አሳየን። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰላጣ ጠራርጎ ወሰደው። የአንተ መደብ ከፍ ስለሚል ተርፏል፤ ጎመኑም አምሮበታል። የእኔንም የአንተንም መደብ አርማለሁ። ወገቤን ሳቀና ግን በቃሽ፣ አረፍ በይ የሚለኝ የለም። ንጭንጭህ እንኳ ናፈቀኝ።

የአትክልት ማኅበራችንን ደንብ አትረሳውም። ቅዳሜ ለአረም ስንወጣ ሊቀመንበሩ ጋሽ ፀሐዩ ስም ይጠራሉ፤ ሦስቴ ተጠርቶ ባለቤቱ ወይ ዘመዱ አቤት ካላለ መደቡ ለተረኛ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ። ለመስቀል ይመጣል እያልኩ ሰውንም ራሴንም ሸነገልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ለአንተ አቤት አልኩና የራሴ ስም ድንቅነሽ ሲባል ዝም! ጎረቤታችን መሰለች ሦስተኛው ላይ በክርኗ ባትጎሽመኝ የራሴ መደብ ሄዶ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ሆድ ባሰኝና እዚያው አለቀስኩ።

ማክሰኞ ደግሞ ሾፌሩ በቀለ ሰሊጥ ጭኖ ከሁመራ መጣ። እዚያ ትዳር እንደያዝክ፣ ልጅም እንደወለድክ ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ከባዳ አፍ ልስማው? አንተ ልበ ደንዳና! ተናደድኩብህ፤ ደስም አለኝ።

ዛሬ ስምህ ሲጠራ ዝም አልኩ። ጋሽ ፀሐዩ እኔን እያዩ ሦስቴ ጠሩህ። አቤት አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። መደቡ ሦስት ዓመት ተራ ስትጠብቅ ለኖረችው ለሰዓዳ ደረሰ። ጎመኑን አንቺው ሰብስቢው ብትለኝ፣ ብቻዬን ምን ላደርገው ብዬ ለልጆቿ ተውኩላት። ደግ ሴት ናት፤ ወንድሜ ግን አይደለችም።

ስሟን ባላውቀውም ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ። ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ስሙንም ንገረኝ፣ የየሺዋስ ልጅ እያልኩ ነው የምጸልይለት። ጋሽ ፀሐዩና መሰለች ናፍቆታቸውን ልከውልሃል። ከእንግዲህ ማኅበሩ ስምህን አይጠራም። የምጠራህ እኔ ብቻ ነኝ፤ አቤት በለኝ።

እህትህ ድንቅነሽ
አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.