ከአውሮፕላኑ ጋር አብሬ ስለ መታሸጌ

ለነባር ንብረቶች ቁጥጥርና እሸጋ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ጠዋት በራስዎ በር ወጥተው ማታ በዚያው በር እንደሚገቡም ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከአዘዞ መንገድ በላይ ባለው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ግንቦት 14 ቀን ባሸገው የቆርቆሮ መጋዘኔ ውስጥ ሆኜ ነው። «ውስጥ» ያልሁት ተሳስቼ አይደለም። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

ቀደም ሲል በግል የጻፍሁልዎ ሦስት ማመልከቻዎች «ገቢ» ከሚለው ማኅተም አልፈው ጠረጴዛዎ ድረስ ለመሄድ አቅም ስላላገኙ፣ ይኸኛውን በሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ። አላፊ አግዳሚው እያነበበ ቢያደርስልኝ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፣ እኔ ወልደ ዮሐንስ ማሬ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ፤ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ አጥንቱ እንጨትና ቀጭን ብረት፣ ቆዳው ጨርቅ። በጉርምስናዬ መካነ ብርሃን ሜዳ ላይ መድኃኒት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው ክንፉን ጨብጠው ከሚቆሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ኋላ ሲያርፍ እግሩ ተሰበረና ባለቤቶቹ ትተውት ሄዱ። ብዙ ዓመት ዶሮ ሲፈለፈልበት ኖሮ በጽሑፍ ተሰጠኝ፤ ፈታትቼም በጭነት መኪና ወደዚህ መጋዘን አመጣሁት።

አውሮፕላን መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በቀን ግማሽ ገጽ እያነበብሁ አራት ዓመት ፈጀሁ። ይህን የማነሣው ለመመካት አይደለም፤ የእርስዎ ሠራተኞች የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሳያነቡ መፈረም መቻላቸው ስለሚያስደንቀኝ ነው።

የጨርቁን ክር ባለቤቴ ወይዘሮ ሐረገወይን አክርራ ፈተለችው፤ ሸማኔውም እንደ ጋቢ ሳይሆን ጥቅጥቅ አድርጎ ሠራው። በክንፉ ጎድኖች ላይ በመርፌ እየሰፋሁ ለማልበስ ሁለት ዓመት ወሰደብኝ። የቀረው ጨርቁን የሚወጥርና ውሃ የማያስገባ የሚያደርገውን ቀለም መቀባት ብቻ ነው። የቀለሙ ሽታ ሰው ይጥላል፤ ነፋስ በማያልፍበት ዝግ ቤት የሚቀባ ሰው የመጨረሻውን ቀለም ቀባ ማለት ነው። ሰኔ ከገባ ደግሞ ያልተቀባው ጨርቅ ርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፣ ይሻግታል። ዓይኔ ለሌላ ሁለት ዓመት መርፌ የሚያይ አይደለም። ይህ ጨርቅ ከተበላሸ ሌላ ጨርቅ የሚያለብሰው የለም። ይበር አይበር ገና የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሚያዝያ መግቢያ ላይ አቶ ጌቾ የተባሉ ባለሙያዎ መጥተው አውሮፕላኑን በቅርስነት መዝግበውልኛል። ትልቅ ክብር ነው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንብና የድንጋይ አጥር ሲመዘግቡ የኖሩ በመሆናቸው፣ የመዝገብ ቁጥር ያለበትን ቆርቆሮ ግንብ ላይ እንደሚመቱት ሁሉ በረዥም ሚስማር ክንፉ ላይ መቱት። ሚስማሩ ጨርቁን በስቶ፣ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመውን ዋናውን እንጨት ሰነጠቀው። ስጮህ ጊዜ፣ «አይዞዎት አባት፣ ጠብቋል፣ አይወድቅም» አሉኝ። በእውነትም አልወደቀም። የተሰነጠቀውን ቆርጬ፣ አዲስ እንጨት ቀጥዬ፣ ጨርቁን መልሼ እስክሰፋ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶብኛል። ቁጥሩን አሁን በክር አንጠልጥዬዋለሁ።

2. ግንቦት 14 ቀን ሁለት ደብዳቤ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ለአንድ ሽማግሌ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ኃላፊ በዚህ ዘመን አይገኝም። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ቅርስ ስለሆነ ካለበት ቦታ እንዳይነቃነቅና አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እስኪወስን መጋዘኑ እንዲታሸግ ያዝዛል። ሁለተኛው ደግሞ መጋዘኑ ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲያፈርሰው ያዝዛል። ፊርማው አንድ፣ ማኅተሙ አንድ፣ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው። መዝገበ ቃላቱን አውጥቼ ነበር፤ አልረዳኝም።

3. በዚያው ቀን የመጡት አሻጊዎች ትጉሃን ነበሩ። እኔ እስከ ወገቤ ከአውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ ገብቼ የመጨረሻዎቹን ክሮች አስር ነበር፤ ግራ ጆሮዬም አይሰማም። ስወጣ በሩ ከውጭ በሰንሰለት ታስሮ፣ ወረቀቱ ተለጥፎ፣ ሰሙ ደርቆ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎችም በበሩ ሥር ተገፍተው ገብተው ነበር። በሩን ስደበድብ ጎረቤቴ ሰውአገኝ ደረሰና በመስኮቱ አጮልቆ፣ «አያ ወልዴ፣ ምነው ሳይበሩ ታሰሩ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጠልኝ። እዚያም እሽግ የሚፈታው አምስቱም የኮሚቴ አባላት በተገኙበት ብቻ እንደሆነ ተነገረው። ሁለቱ ማክሰኝት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አንዱ አዲ አርቃይ ለቅሶ ሄደዋል፤ አንዷ ፈቃድ ላይ ናቸው፤ አምስተኛው ገና አልተመደቡም። ስብሰባውም ለቅሶውም አንድ ቀን ያልቃል፤ ያልተመደበ ሰው ግን ከየት ይመለሳል?

እሽጉን ሰብሬ እንዳልወጣ፣ የሰበረ እንደሚከሰስ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ የተጻፈ አነባለሁ። መስኮቱ ሁለት ስንዝር ነው፤ ምግብ ያስገባል እንጂ አናጢ አያስወጣም። ስለ ባልዲው ለክብርዎ ስል አልጽፍም።

4. በአራተኛው ቀን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ዳግማዊት በመስኮቱ በኩል አንድ ቅጽ አቀበለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ስታቀብለኝ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነበር። ቅጹ «እሽጉ ከተደረገ በኋላ በራሴ ፈቃድ፣ በስውር ገብቻለሁ» ይላል። ከፈረምሁበት በሩ ያለ ኮሚቴ በዚያው ቀን ይከፈታል፤ እኔም እሽግ የጣስሁ ሰው ስለምሆን አውሮፕላኑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይወሰዳል። ሐረገወይን ከውጭ ሆና፣ «ሰውዬ፣ ፈርምና ውጣ! እኔ ያገባሁት አናጢ ነው እንጂ ቅርስ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አልፈረምሁም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ የምወጣበት በር ከሆነ፣ ተዘግቶ ይቆይ።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ስድስት ቀን ከሁለት ደብዳቤ ጋር ሲዘጋበት ሁለቱንም በደንብ ያነባቸዋል። ሁለተኛው ደብዳቤዎ መጋዘኑን ባለቤቱ ራሱ ያፍርስ ይላል፤ ከውጭ ይሁን ከውስጥ ግን አይልም። መዶሻዬና ሚስማር መንቀያዬ አብረውኝ ታሽገዋል። ስለዚህ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ዛሬ ጠዋት ከኋላው ግድግዳ ጀምሬአለሁ፤ ሁለት ቆርቆሮ ወርዷል። ነገ ግራና ቀኙን አወርዳለሁ። ነፋስና ፀሐይ ሲገባ ሦስት ቀን እቀባለሁ፤ ጣሪያውን የማነሣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ ከቀነ ገደብዎ ሳላልፍ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ መሠረትም አውሮፕላኑ ካለበት አንዲት ጣት አይነቃነቅም። ቀለምን የሚከለክል ሦስተኛ ደብዳቤ ካለ ቶሎ ይላኩት፤ በኋላ የሚቀበልበት መስኮት ላይኖር ይችላል።

በሩን አልነካሁትም፤ አልነካውምም። ከነመቃኑ፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከነሰሙ ብቻውን ቆሞ ይጠብቅዎታል። ሰው ቢጠይቅዎ፣ ወልደ ዮሐንስ ከታሸገው መጋዘን አልወጣም፤ መጋዘኑ ነው ከወልደ ዮሐንስ ላይ የወጣው ይበሉልኝ።

ሰነዶችዎ ሳይነበቡ እንዳይቀሩ፣ ሚስማሮችዎም ድንጋይ እንዳያጡ፣ አምስተኛው አባልም ተወልደውና አድገው ለመመደብ እንዲበቁ ከልብ እየተመኘሁ፣ ባለሁበት ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
አናጢ ወልደ ዮሐንስ ማሬ
(ፊርማ፤ በፈቃዴ የፈረምሁት)

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ተሟልቶ እሽጉን ለመፍታት ሲመጣ፣ በሩ ዙሪያ ሜዳ ስለሚሆን በየትኛውም በኩል መግባት ይቻላል። ሥርዓት ነውና እባክዎ በበሩ ይምጡ፤ አስቀድመውም ያንኳኩ። ሰዎችዎ ያን ቀን አንድ ጊዜ አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ አሁን ይህን ሁሉ ባላነበቡ።