የተፈታው አልጋችንና የጌምህ ሰውዬ

ታሪኩዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ያ የጉበት ሕመም ከለያየን አንድ የቡና ለቀማ አልፏል፤ የሚቀጥለው አበባ ላይ ነው። ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ደክሞኛል። ክፍል ገብቼ ጠመኔ አንስቼ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋኛል። ተማሪዎቼ አይተው ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

የጥገና ሱቅህ አሁን ጫማ ነጋዴ ገብቶበታል። ኮምፒውተርህን ወንድምህ አበራ ተሸክሞ አመጣልኝ። እናትህ ከዱመርሶ ዋሳ፣ ያን የእንሰት ቂጣ፣ እየጋገሩ ይልኩልኛል፤ ምነው ከሳሽ ብለውም ይቆጡኛል። አልጋችን ግን እንደተፈታ ነው። የቀብርህ ቀን ለለቅሶተኛ ቦታ እንዲገኝ አበራ ብሎኑን ፈትቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው፤ ለእኔም ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጉልኝ። ሐዘንተኛ መሬት ይተኛል፣ ወጉ ነው። እንግዳው ሄደ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ አግዳሚው ለእድሩ ተመለሰ። እኔ ግን ከመሬት አልተነሳሁም። እንቅልፍም የለኝ፣ እገላበጣለሁ። አበራ በመጣ ቁጥር ልግጠመው ይለኛል፤ ቆይ እለዋለሁ።

በኮምፒውተር ጌምህ ውስጥ ያ በረዶ አገር የሚንከራተተው ሰውዬህ ትዝ ይልሃል? እንዲህ ብለህ ነበር ያስረዳኸኝ፦ ሰውዬው ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ እንቅልፍ ካጣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ሸክሙም ይከብደዋል። ሴቭ የሚሆነው፣ የደረሰበት የሚመዘገብለት፣ ደግሞ አልጋ ላይ ሲተኛ ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ቢጋደም አይቆጠርለትም። ይሄ ምን ጨዋታ ነው፣ ድካም ካማረህ ውሃ አትቀዳልኝም እልህ ነበር። አንተ አልጋ ፍለጋ ስትሯሯጥ መብራት ድርግም ይላል። የዲላ መብራት! የለፋህበትን ሁሉ አፈር ይበላዋል። ራስህን ይዘህ ትጮሃለህ፣ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ምን ብለህ እንደምትጮህ ግን ጠፋኝ። ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዴት ይጠፋኛል? ሌላም ሌላም እየጠፋኝ ነው፤ ይሄ ያስፈራኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጌምህን ከፈትሁት። ሰውዬህ አንዲት ጎጆ ውስጥ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት ያስተኛኸው አንተ ነህ። አስነሳሁት። እንዳሳየኸኝ እንጨት አስለቀምሁት፣ እሳት አሞቅሁት፣ ጥሬ ሥጋ አበላሁት፤ የእናትህ ዋሳ ቢኖር እንዴት በወደደ። ሲደክመው ወደ አልጋው መለስሁት። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ጌሙ የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ነው፤ ካስተኛሁት የአንተው ይጠፋል። የእጅህ የመጨረሻ ሥራ ነው፣ ምን አንጀት ኖሮኝ ላጥፋው? እንዳልተወውም ሰውዬው ዓይኑ ደብዝዞ ይንገዳገዳል። ራሴን ያየሁ መሰለኝና አለቀስሁ።

እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው የኖርሁትን የዲላን መብራት ያን ቀን መረቅሁት። ተመልሶ ሲመጣ ከፍቼ አየሁ፤ ሰውዬህ አንተ ባስተኛኸው ቦታ ተኝቷል። አልነካሁትም፣ ዘጋሁት።

ሰኞ ለአበራ ደወልሁለት። መፍቻውን ይዞ መጣ፤ አልጋውን ገጠመ። ብሎን ሲያጠብቅ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት፣ እንዳላየሁ ሆንሁ። ሰው ረሳችው ይል ይሆናል። አንተ እንዳትለኝ ብቻ። ታሪኩዬ፣ መሬት ላይ ስገላበጥ አንተን ይዤ የቆየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንደ ሰውዬህ እንቅልፍ አጥቼ እየጣልሁህ ኖሯል።

ትናንት ማታ አልጋችን ላይ በአንተ በኩል ተኛሁ፤ እስኪነጋ አንዴም አልነቃሁም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ጩኸትህ ከነድምፁ መጣልኝ። «ወይኔ አልጋዬ!» ነበር የምትለው። ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውዬህን ከእንግዲህ አልቀሰቅሰውም፤ አንተ እንዳስተኛኸው ይቆይ። እኔ ደግሞ እንዳልረሳህ እተኛለሁ።

ያንተዋ አልማዝ