ቅዳሜን ከዒላማው ጋር ስሻማ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10፣ 2009

ዛሬ ሰው ልገድል ነበር። ያውም ጋሼ ታዬን።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ባለቤቴ ደረጀ ከግንቦት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ዒላማ ተኩስ ይሄዳል። ያስለመዱት ጋሼ ታዬ ናቸው። ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለቱም እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ። ጋሼ የድሮ ወታደር አይደሉም፤ አዲስ አበባ የሂሳብ ሹም ነበሩ። ሽጉጥ የጨበጡት እዚህ፣ ስድሳን ካለፉ በኋላ ነው። "ወረቀት ላይ መተኮስ ሐሳብ ያስረሳል" ይላሉ።

እኔ ፕሌኖ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነኝ፤ ከከሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። ቤት ስገባ ደረጀ ተኝቷል። እሱ ጎህ ሳይቀድ ሲወጣ እኔ ተኝቻለሁ። ዋይሊ ያለውን አዲስ ቤት የገዛነው አብረን ልንኖርበት ነበር፤ የምንኖርበት ግን በተራ ነው። የቀረችን ቅዳሜ ነበረች፣ እሷንም ዒላማ ወሰዳት። ባሌን የምሻማው ከሴት ጋር ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ከወረቀት ጋር መሻማት ግን ምን ይባላል? ስለዚህ እኔም እመጣለሁ አልኩት። ግር አለው እንጂ እምቢ አላለም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ትንሿን ሽጉጥ ሰጠኝና ከጎኔ ቆሞ አያያዙን አሳየኝ። የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንደገባች እግዜር ይወቅ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቀጥሎ ትንፋሽ መያዝ፣ ምላጩን ሳይቸኩሉ መሳብ። አንዷ የጥቁሩን ክብ ጠርዝ ነካች። ደረጀ ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ቆይቻለሁ።

ይሄኔ ጋሼ ታዬ አርፍደው ደረሱ። ከኋላ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉና፣ የጆሮ መሸፈኛውን አልፎ በሚሰማ ድምፅ "ሰብለ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?" አሉ። እኔ ደግሞ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ለትልቅ ሰው ጀርባ ሰጥቶ ሰላምታ መመለስ አላስተማረችኝም። ዞርኩ። ጎንበስም አልኩ፣ ግራ እጄን ቀኝ ክንዴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ደንቡ። ቀኝ እጄ ሽጉጡን ይዟል። ጥይት አለበት። አፈሙዙ የጋሼን ሆድ ያያል።

የተኩስ ቤቱ ተቆጣጣሪ ጮኸ። እስከ ሁለተኛው ጩኸት ድረስ የሚጮኸው በእኔ ላይ መሆኑ አልገባኝም ነበር። ሽጉጡን አስቀመጥኩ። ቤቱ በሙሉ ተኩሱን አቁሞ እኔን ያያል። የጀማሪዎች ትምህርት ሳልወስድ ሁለተኛ እንዳልመጣ ተነግሮኝ ወጣሁ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ደረጀ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። ፊቱ አመድ መስሏል።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሱ በወንዶች በኩል፣ እኔ በሴቶች በኩል ቆምን። ሲመለስ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን እንጂ ርቀቱ ያው ነበር።

"ተናደህብኛል?" አልኩት።

"አልተናደድኩም።"

"አሳፈርኩህ?"

"ተይው በቃ፣ ሰብለ።"

እናቱ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላለች። እሱም የእናቱን ቃል ጠባቂ ነው። አሳፍሬዋለሁ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ፊት፣ ጋሼ ፊት። አንዲቷን ቅዳሜ ላተርፍ ሄጄ እሷንም አበላሸኋት።

ሰኞ

የእረፍት ሰዓት ላይ ነኝ። ከማስታምማቸው አሮጊቶች አንዷን፣ ሚስስ ሩትን፣ ከአልጋ አንስቼ ወንበር ላይ፣ ከወንበር አልጋ ላይ። ወገቤ የእኔ አልመስል ብሎኛል።

ጋሼ ታዬ ደወሉ። ገና ይቅርታ ልጀምር ስል ቀደሙኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ከኋላ ሰው አይነካም፣ ሩሉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አንቺን ሳይ የሰው ቤት እንግድነት የመጣሁ መሰለኝና ረሳሁት።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ? እኔ ነኝ እንጂ።"

"ቆመሽ ነው የምታወሪው?"

"አዎ።"

"ቁጭ በይ። አልሞትኩም።"

ሳቅኩም አለቀስኩም። ደረጀ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም አይልም አሉኝ። እንግዳ ካወረደ በኋላ ቫኑን ጥግ ላይ ፓርክ ያደርግና ብቻውን ይቀመጣል።

ማክሰኞ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በእረፍቴ ለደረጀ ደወልኩለት። የቅዳሜውን ነገር ሳነሳበት "ለጊዜው አንቺ ብትቀሪ ይሻላል" አለኝ።

ሌላም ነገር ብሎ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ መች ይሰማል።

ከፋኝ። እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም። ስንጋባ አብሮ መዋሉ ሥራ እስክንይዝ ይቆይ ብለን ነበር፣ ቀጥሎ ቤት እስክንገዛ አልን። አሁን እስከ ምን እንደምንል አላውቅም። ደክሞኛል። የእግሬ ድካም በእንቅልፍ ይለቅ ነበር፣ ይሄኛው አይለቅም።

ሐሙስ

ለማንም ሳልናገር ትምህርቱን ወሰድኩ። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት። በእንቅልፍ ዓይኔ ነድቼ ሄድኩ።

አስተማሪዋ ሊንዳ የምትባል ወፍራም ድምፅ ያላት ሴትዮ ናት። የሆነውን ነገርኳት። እኛ አገር ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና "መጀመሪያ ሽጉጡን አስቀምጪ፣ ከዚያ ዙሪ። እስከዚያ ፕሬዚዳንቱም ቢመጣ ጀርባሽን ስጪው" አለችኝ። ከኋላዬ እየመጣች ደጋግማ በስሜ ጠራችኝ። መጀመሪያ አንገቴ በራሱ ጊዜ ዞረ። በኋላ እሱም ለመደ።

ደግሞ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር። ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ እጄ የሰው ነው፤ ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያጎርሳል። እዚያ ቆሜ ትንፋሼን ስይዝ ማንም ምንም አይፈልግብኝም። መጨረሻ ላይ ጥይቶቹ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። ሊንዳ ትከሻዬን ልትነካ ፈልጋ ሽጉጡን እስካስቀምጥ ጠበቀች።

ትምህርቱን መጨረሴን የሚያሳይ ካርድ ሰጡኝ።

ዓርብ

ጾም። ራስ ምታት። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ቀርታ የእሷንም ክፍሎች እኔ ያዝኩ።

ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለደረጀ አልነገርኩትም። ነገ ብቻውን ሊሄድ ቢነሳ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቅር ብሎኝ ቤት ሳጸዳ እንደማልውል ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

ጠዋት ለባብሶ ሳሎን ቆሞ አገኘሁት። ጫማዬን አደረግኩና ካርዱን ሰጠሁት። ገልብጦ ሁሉ አየው።

"መች ሄድሽ?"

"ሐሙስ።"

"ኦኬ" አለ። "እንሂድ።"

ደረስን። ፓርክ አደረገ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። መሪውን እንደያዘ ቀረ። እኔ በሩን ልከፍት ስል "ሰውዬውን አላየሽውም አይደል?" አለኝ።

"የቱን ሰውዬ?"

"ተቆጣጣሪውን። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ነበር። እሱ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ሽጉጡ ላይ፣ ሰብለ። ሊመታሽ ነበር።"

አላየሁም። እውነትም አላየሁም።

"ማለቴ… መሀል ልገባ ፈለግኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ቆሜ አየሁ። ጋሼ እንኳ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ቫን ስነዳ እሱ ነው የሚመጣብኝ፣ ስተኛ እሱ ነው የሚመጣብኝ።"

"በእኔ ያፈርክ መስሎኝ ነበር" አልኩት።

"ባንቺ ለምን? በራሴ ነው እንጂ። ቅዳሜ ብትቀሪ ያልኩሽም ለዚያ ነው። እኔም መሄዴን እንጃ ብዬሽ ነበርኮ።"

ያ ማክሰኞ ያልሰማሁት ይሄ ነው። ሳምንቱን በሙሉ እሱ በሐሳቡ ሚስቱን ሲቀብር፣ እኔ ደግሞ ባሌ ጠላኝ ስል ከረምን። አንድ ቤት ውስጥ፣ በተራ።

እንኳን አልገባህ አልኩት። ብትገባ ሰውዬው ይበልጥ ይደነግጥ ነበር፣ እንኳንም እግርህ እምቢ አለ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እኔ ጎረቤት እንዳያየን ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እዚያ ምን ጎረቤት አለ።

ጋሼ ታዬ መጡ። መኪናችን ውስጥ ሲያዩን እጃቸውን አንስተው ገቡ። ወርጄ ሰላም ማለት ነበረብኝ። አልወረድኩም።

ደረጀ ሞተሩን አጠፋ። "ትገቢያለሽ?" አለኝ። "ግቢ፣ እኔ በመስታወቱ እያየሁሽ እቆያለሁ። ዛሬ ሽጉጥ መያዝ አልችልም።"

መግባት እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። ያቺን ጸጥታ ፈልጌያት ነበር። ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ጋደም አደረግኩ። እሱም እንደዚያው። ስለ ሚስስ ሩት ነገርኩት፣ እሱ ስለ ሆቴሉ አዲስ አለቃ ነገረኝ። ጓሮው ውስጥ ስለደረቀው ዛፍ ተጨቃጨቅን። እስኪርበን ድረስ ወሬ አላለቀብንም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከነገ ወዲያ ሰኞ መሆኑ ታሰበኝ። ጎህ ሳይቀድ ስትወጣ ቀስቅሰኝ አልኩት።

"ትደክሚያለሽ" አለኝ።

ይድከመኝ።