ለምንተስኖት አርባ የመጣው ጌሾ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

የልጄ የምንተስኖት አርባ የሚውለው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ዛሬ ከጀውሃ ጌሾ ይዘው መጡ። ጠላ አልጠምቅም ብላቸው፣ «ስንት ዘመን ለሾፌር ስትጠምቂ ኖረሽ ለገዛ ልጅሽ ተዝካር ውሃ ልታቀርቢ? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

ጋሼ ሞላም ተቀምጠው ነበር። ድሮ መኪናቸውን ደጄ አቁመው ጠላዬን ይጠጡ የነበሩ ሾፌር ናቸው። «የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ሰካራም ሲሆንልን ትዝ ይልሻል? ከጣሳዬ አቀምሰውና ‹በል ተንገዳገድ› እለው ነበር። አንጀታችን እስኪቆስል ነበር የሚያስቀን! ተዋናይነቱ ያኔ ጀመረ» አሉ። እንባቸው መጣ። ክፋት የላቸውም።

አዲስ አበባም ስሙ የወጣው ሰካራም ሆኖ በተጫወተበት ድራማ ነው። ሸዋ ሮቢት ሁሉ ሲያደንቀው እኔ በቴሌቪዥን እጁን አየሁት። መንቀጥቀጡ ትወና አልነበረም። ኋላ ሳይጠጣ መድረክ መውጣት አቃተው። ከሥራ አስወጡት። እዚሁ መደቤ ላይ ጉበቱ አልቆ ሞተ።

ለጋሼ ሞላ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ያን ጊዜ ጣሳውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ከሁሉም አብልጬ የምስቀውም እኔ ነበርኩ።

እትዬ አስካለ ጌሾውን ትተውት ሄዱ። ጋኑን አጥቤ በአፉ ደፋሁት። ጌሾውን ግን እስካሁን አልጣልኩትም።